ከለቅሶ ቤት ውጭ የምንገናኝበት ቀን

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ ነው። ዕድሜዬ 66 ዓመት ነው፤ በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት ሳገለግል ቆይቼ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ በጤና አለች። ልጆቻችን አድገው አንዷ ባሕር ዳር፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ይኖራሉ። እድር አለኝ፣ የሚካኤል ማኅበር አለኝ፣ ከሰንበቴም አልቀርም፤ ነገር ግን አረፍ ብዬ የሆዴን የማጫውተው ሰው የለኝም። የድሮ ባልደረቦቼን የማገኛቸው ቀብር ላይ ብቻ ነው። ‹እንገናኝ እንጂ› ተባብለን እንለያያለን፤ ቀጣዩ መገናኛችንም ሌላ ቀብር ይሆናል። ሻይ ቤት እንዳልቀመጥ የጡረታዋ ገንዘብ ሰው አታስጋብዝም። ግፊት ስላለብኝ መጠጥ አቁሜአለሁ። ጆሮዬም እየደከመ ስለ መጣ ብዙ ሰው ባለበት ጨዋታው ያመልጠኛል። የልብ ጓደኛዬ ከነበረው ሰው ጋር ደግሞ ዋስ ሆኜለት ዕዳው በእኔ ደመወዝ ላይ ስለ ወደቀ፣ ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ‹ባሕር ዳር መጥታችሁ ከእኛ ጋር ኑሩ› ትለናለች። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜ ጓደኛ መፈለግ ያምራል ወይ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

የተከበሩ መምህር፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እርሱ ካልተመለሰ የቀረው ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። አዎ፣ በእርስዎ ዕድሜ ጓደኛ መፈለግ ያምራል። በአገራችን ሽማግሌ ሲያስታርቅ፣ ሲመርቅና ሲመክር ማየት ተለምዷል፤ ለራሱ ደስታ ብሎ ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ሲስቅ ሲታይ ግን «በዚህ ዕድሜው ከመጸለይ በቀር ምን ቀረው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ወሬ ከቁም ነገር አይቁጠሩት። ከቅዳሴ መልስ ከወዳጅ ጋር ተቀምጦ መጫወት ከጸሎት የሚያጎድለው ነገር የለም፤ ቤት ዘግቶ ብቻን መዋልም ለነፍስ የሚጨምርላት ነገር ያለ አይመስለኝም። ለሥጋ ግን በግልጽ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ ቀደም ሲል የተሠሩ 148 ጥናቶችንና ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አገናዝቦ፣ ከሰው ጋር ጠንካራ ቅርርብ የነበራቸው ሰዎች ቅርርባቸው ከላላው ይልቅ ክትትሉ በተደረገበት ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የግፊት መድኃኒትዎን ሰዓቱን ጠብቀው እንደሚወስዱ አልጠራጠርም፤ ከወዳጅ ጋር የሚያሳልፉትንም ጊዜ በዚያው ጥንቃቄ እንዲይዙት አደራ እልዎታለሁ።

ባልደረቦችዎ የጠፉት ስለ ናቁዎ ወይም ስለ ረሱዎ አይመስለኝም። በሥራ ዘመንዎ ማንም «ና እንገናኝ» ሳይልዎት በየቀኑ ትገናኙ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል በአሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ሻይ ስትጠጡ፣ ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ተደርድሮ ስታርሙ፣ የደመወዝ ቀን ሲዘገይ አብራችሁ ስታጉረመርሙ፣ ወዳጅነቱ ሳይታወቃችሁ ይበስል ነበር። ጡረታ ሲወጡ ደመወዙ እንደሚቀንስ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ያለ ቀጠሮ የመገናኘቱ ዕድል አብሮ እንደሚቀር ግን ማንም አልነገረዎትም። ያለ ጥርጥር ከእነዚያ ባልደረቦችዎ መካከል ይህንኑ ደብዳቤ በልባቸው የጻፉ አሉ። ቀብር ላይ «እንገናኝ እንጂ» ሲሉዎት ከልባቸው ነው፤ ቀን ስላልተቆረጠለት ነው ነገሩ በዚያው የሚቀረው።

እድሩ፣ ማኅበሩና ሰንበቴው እያሉ ብቸኝነት እንዴት ሊመጣ እንደቻለ እርስዎም ሳይገርምዎት አልቀረም። እነዚህን ማኅበራት አቃልዬ መናገር አልፈልግም፤ ጎጃም ውስጥ ሰው ያለ እነርሱ መቀበርም ሆነ መጽናናት አይችልም። ይሁንና እያንዳንዳቸው የተቋቋሙበት ምክንያት አላቸው። እድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያጓጉዛል፣ መዋጮውን ይሰበስባል፣ የቀረውን አባል ይቀጣል፤ ሥራው ሲያልቅ አባላቱ ይበተናሉ። ማኅበሩ በ12 ጸበል ጸዲቁን ይዞ ሲሰበሰብ የሚነሣው የሚቀጥለው ተረኛ ጉዳይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይና የታመመ አባል ጉዳይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ከዚህም ሌላ የእህልና የበርበሬው ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ተረኛው ከወራት በፊት ስለ ድግሱ ስለሚጨነቅ፣ በዕለቱ ቁጭ ብሎ ከእንግዶቹ ጋር የሚጫወትበት ልብ አይኖረውም። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ያለ ምክንያት የሚያገኙትን ሰው ነው፤ ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይደግስ፣ ማንም ሳይዋጣ። ለዚህ ደግሞ ከማኅበርዎ መውጣት አያስፈልግዎትም፤ ከማኅበርተኞቹ መካከል ጨዋታው የሚጥምዎትን አንድ ሰው መርጠው፣ ከ12 በተለየ ቀን ማግኘት ይበቃል።

እንዴት እንደሚደረግ ለማየት ሩቅ አይሂዱ። ስለ ባለቤትዎ ብዙ አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን እንደ አብዛኞቹ የማርቆስ እናቶች ከሆኑ ቡና የሚያጣጧቸው ጎረቤቶች ይኖሯቸዋል። ያንን ቡና አንድ ቀን ልብ ብለው ይመልከቱት። ተረኛዋ ምጣዱን ጥዳ ቡናውን መቁላት ስትጀምር ሽታው ራሱ ይጠራል፤ ያልሰማች ካለች በአጥር ላይ ድምፅ ይሰማል ወይም ትንሽ ልጅ ይላካል። ቤት የዋለችበትን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የምትመጣ እንጂ ለብሳ ተኳኩላ የምትመጣ የለችም። ቁርሱ ቆሎ ነው፣ አለዚያም የዳቦ ቁራሽ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፤ በዚያ መካከል የልጅ ነገር፣ የገበያ ነገር፣ የሕመም ነገር ሁሉ ይነሣል። ነገ ቡናው ሌላ ቤት ይፈላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲቱ ሳትመጣ ስትቀር ስኒዋ ባዶውን ረከቦቱ ላይ ይታያል፣ «ምን ሆና ነው?» ይባላል፣ ቡናው እንዳበቃ አንዷ ጎራ ብላ ታያታለች። ይህ ጉባኤ ሊቀ መንበርም ገንዘብ ያዥም የለውም፤ ሆኖም ከብዙ ማኅበራት የበለጠ ሰው ያድናል። ወንዶች ጡረተኞች ያጡት ይህንን ነው፤ ለብዙዎቹ የሥራ ቦታቸው ይተካላቸው ነበርና ሌላ መሥራት አላስፈለጋቸውም። አሁን ግን መሥራት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ቀን ይቁረጡ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር፣ በሳምንት ሁለት የታወቁ ቀናት፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ቦታ። «አንድ ቀን እንገናኝ» ማለቱን ይተዉትና «ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር እጠብቅሃለሁ» ይበሉ። በዳንግላ የማውቃቸው አምስት ጡረተኞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከእነርሱ ሁለቱ መምህራን ነበሩ፣ አንዱ ጤና ረዳት፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ደግሞ የሱቅ ነጋዴ። ማክሰኞና ዓርብ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በአስፋልቱ ዳር አንድ ሰዓት ይጓዛሉ፤ ሲመለሱ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ካለው ሻይ ቤት ያርፋሉ። ሹፌሩ ጉልበቱን ስለሚያመው ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ በመመለሻቸው አብሯቸው ይነሣል እንጂ «እኔ አልችልም» ብሎ አይቀርም። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፦ ሳይልክ የቀረ ሰው በዚያው ዕለት ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ሁለት የእግር ጉዞና የእሑድ የቤተ ክርስቲያን መንገድ አንድ ላይ ሆነው ይህን ይሞላሉ። ግፊት ስላለብዎ ግን ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወሬው ቢደርቅብዎ ተስፋ አይቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሁለት ሰዎች የቅርብ ወዳጅ ለመሆን አብረው የሚያሳልፉት ጊዜ ከ200 ሰዓት እንደሚያልፍ ገምቷል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢገናኙ አንድ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ይህ እንደ እርስዎ ላለ፣ አንድን ክፍል ተማሪ ከመስከረም እስከ ሰኔ በትዕግሥት ሲያስተምር ለኖረ ሰው ረጅም አይደለም። ደግሞም ከዜሮ አይነሡም፤ ከድሮ ባልደረቦችዎ ጋር ብዙው ሰዓት አስቀድሞ ተቆጥሯል።

ስለ ገንዘቡ የጻፉት ብዙ ጡረተኞችን ከቤት ያስቀረ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በእኛ ዘንድ ታላቅ የሆነ ሰው ሒሳብ ሲከፈልለት ያፍራል፤ መክፈል ሲያቅተው ደግሞ መምጣቱን ይተዋል፣ ለምን እንደ ቀረም ለማንም አይናገርም። ከጓደኞቻችን መካከል ሳይታመም፣ ሳይጣላ የጠፋ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። የዳንግላዎቹ ሽማግሌዎች በወሩ መጀመሪያ፣ ጡረታ በተከፈለ ሰሞን፣ እኩል እኩል ጥቂት ብር አዋጥተው ለአንዳቸው ይሰጣሉ፤ ሻዩ የሚከፈለው ከዚያ ነው፣ ስለዚህ ጋባዥም ተጋባዥም የለም። ልጆቹ ከውጭ ገንዘብ የሚልኩለት ሰው «ዛሬ እኔ ልክፈል» ቢል እንኳ አይፈቀድለትም፤ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ፣ አንዱ መጋበዝ ሲጀምር ሌላው መቅረት ይጀምራልና። ሻይ ቤቱም ከከበደ በየተራ በየቤታችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ቆሎና ውኃ ይበቃል። ይህን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ አለዚያ የቤት እመቤቶቹ እንጀራ ማቅረብ ይጀምሩና ነገሩ ወደ ድግስ ይለወጣል።

መጠጡን ማቆምዎ መልካም ነው፤ ወዳጅነትዎን እንዲያስቀርብዎ ግን አይፍቀዱለት። አረቄ ቤት ብቻ የሚገኙ ጓደኞች ካሉዎት በጠዋት ጥሯቸው፤ በጠዋት የሚመጣው ጓደኛዎ ነው።

ጆሮዎን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። መስማት የተሳነው ሽማግሌ ሰዎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል፣ የተጠየቀውን ሳይሰማ «እህ፣ እህ» ይላል፣ ከዚያ ይደክመውና ቤቱ መዋልን ይመርጣል፤ ቤተሰቡም «ዝምተኛ ሆኗል» ይላል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የመርሳት ሕመም ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 የመርሳት ሕመም አጋላጭ ምክንያቶች መካከል የመስማት ችሎታ መቀነስንና ከሰው መነጠልን ሁለቱንም አስፍሯቸዋል፤ እርስዎ ጋ እንደሚታየው አንዱ ሌላውን ይጎትታል። አስቀድመው ወደ ሆስፒታል ሄደው ጆሮዎን ያስመርምሩ፤ አንዳንድ ጊዜ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ በአንድ ቀን ይፈታል፣ ካልሆነም የመስሚያ መሣሪያ ነገር ይነሣል። እስከዚያው ድረስ ቴሌቪዥን የማይጮህበትን ሻይ ቤት ይምረጡ፣ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው የሚሻለው ጆሮዎ ወደ ሰዎቹ እንዲሆን ይቀመጡ፣ ከሦስት ሰው በላይ አይሰብስቡ። ለጓደኞችዎም በግልጽ «በግራ ጆሮዬ በኩል ንገሩኝ» ይበሏቸው። መነጽር ማድረግ አላሳፈረዎትም፤ ይህም ሊያሳፍርዎ አይገባም።

ክረምቱም ሊታሰብበት ይገባል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡና ጭቃው ሲበረታ፣ የማርቆስ ብርድም አጥንት ሲገባ፣ የእግር ጉዞው ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን ሳትለውጡ ወደ አንዳችሁ ቤት ግቡ። ሐምሌና ነሐሴ ለንባብ የተመቹ ወራት ናቸው። ዓይኑ ደህና የሆነው መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌሎቹ ይስሙ፣ ከዚያ ይከራከሩበት። እርስዎ የሚኖሩት በቅኔ ትምህርት የታወቁት ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስም በሚገኙበት አገር ነው፤ በእናንተ ዕድሜ ካሉት ሰዎች መካከል በልጅነቱ ቅኔ ቤት የገባ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ሰምና ወርቁን ሲፈታላችሁ የሚያልፈው ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚያጥር ታዩታላችሁ። ዳማና ገበጣም አይናቁ። ደግሞም በአካባቢያችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትዎርክም የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ ከጓደኞችዎ ቢያንስ አንዱ በእግርዎ የሚደርሱበት ሰው ይሁን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ «የልብ ጓደኛዬ» ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የተጣሉት ሰው ነው። ዋስ ሆኖ የሰው ዕዳ መክፈል ቀላል በደል አይደለም፤ ልጆችዎን በሚያስተምሩበት ዘመን ከደመወዝዎ በየወሩ ሲቆረጥ የተሰማዎትን ማንም ሊያቃልልብዎ አይችልም፣ እኔም «እርሳው» አልልዎትም። አንድ ነገር ግን ለይተው እንዲያስቡ እለምንዎታለሁ፦ ሰውየው አታልሎዎት ነው ወይስ አቅቶት? ሆን ብሎ የካደ ሰው ከሆነ፣ ሰላምታ ብቻ ለዋውጠው በዚያው መቆየት ይችላሉ። ያልሆነለት ሰው ከሆነ ግን፣ እነዚህን ዓመታት ሁሉ እርስዎን ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ከእፍረት ነው፤ ባለ ዕዳ የሆነ ወዳጅ ራሱ መጥቶ ደጅ ለማንኳኳት ፊት የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ መላክ የተበዳዩ ድርሻ ይሆናል፤ ፍትሐዊ ባይሆንም የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ አፉን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ይላኩ፤ ሦስትና አራት ሰው ልከው ነገሩን አደባባይ አያውጡት። ሽማግሌው ይዞት የሚሄደው ቃልም የታወቀ ይሁን፦ ገንዘቡን ይተዉለት እንደሆነ፣ ወይም በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍል ይፈልጉ እንደሆነ ከመላክዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይቁረጡ፤ የተቆረጠው ደመወዝ የእርሳቸውም ነበርና። ከዕርቁ በኋላ ስለ ገንዘቡ በጨዋታ መካከል እንኳ አያንሡ። ሰውየው እምቢ ቢል ወይም ቢያሳፍርዎ ያደረጉት ጥረት አይጎዳዎትም፤ ቢሆንልዎ ግን ብዙ ዘመን አብሮዎት የኖረ፣ የወጣትነትዎን ቀልድ የሚያውቅ ሰው ያገኛሉ፤ እንዲህ ያለውን ሰው አሁን ከአዲስ ላፍራ ቢሉ ዕድሜ አይበቃዎትም።

የእኩያን ወዳጅነት ባስቀድምም፣ ዕድሜያቸው የሚያንሱትን አይርሱ። እኩዮቻችን አንድ በአንድ ይለዩናል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። እርስዎ ግን ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ በከተማው ባንክ ውስጥ፣ በጤና ጣቢያው፣ በሱቁ ይሠራሉ። «መምህር» ብሎ ቆሞ ሰላም የሚልዎትን የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው እጁን ጨብጠው ብቻ አይለፉት፤ ዓርብ ጠዋት የት እንደምትቀመጡ ይንገሩት።

የልጅዎ ጥሪ ከፍቅር የመጣ ነውና አመስግነው ይቀበሉት፤ ነገር ግን ቤትዎን ሸጠው ወይም አከራይተው አሁኑኑ አይሂዱ። ባሕር ዳር ሞቃት ናት፣ ሐይቁ ዳር መናፈሱ ደስ ይላል፣ ሆስፒታሉም በቅርብ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ልጅዎና ባሏ ጠዋት ሥራ ሲወጡ፣ የልጅ ልጆችዎ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ እርስዎና ባለቤትዎ ግቢ ጠባቂ ሆናችሁ ትቀራላችሁ፤ ባለቤትዎም ቡና የሚያጣጧቸውን ጎረቤቶች ማርቆስ ላይ ትተው ይመጣሉ። ልጆቻቸው ጋ ሄደው በዓመቱ የተመለሱ ብዙ ወላጆችን አውቃለሁ፤ ሁሉም «ምንም አላጎደሉብንም፣ ሰው ብቻ አጣን» ይላሉ። ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ብለው ይመልሱላት፦ ከጥምቀት በኋላ መጥተን እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እንቆያለን፣ እናያለን። በዚያ ሰሞን ከቤቱ አቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ይሂዱበት፣ የሠፈሩን ጡረተኞች ይተዋወቁ፣ ባለቤትዎም የአንዲት ጎረቤት ቡና ይቅመሱ። ሁለታችሁም ያለ ልጃችሁ ሸኚነት የምትሄዱበት አንድ ቤት ካገኛችሁ መዛወሩን በሙሉ ልብ ማሰብ ትችላላችሁ፤ ካላገኛችሁ ግን ማርቆስ ቆዩና ልጅዎ በበዓል ትምጣ። ከዚያ በፊት የሚደረገው የዚህ ሳምንት ሥራ ነው፦ ስልክዎን አንሥተው ባለፈው ቀብር ላይ «እንገናኝ እንጂ» ካሉዎት ሰዎች ለአንዱ ይደውሉና ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይንገሩት።